የገና ዱላዬ ነገር

ጾመ ነቢያት ገብቶ የወገራ ገብስ ከአውድማ መነሣት በጀመረ ጊዜ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መስክ ሁሉ የገና ዱላ ይታያል። እረኛው ከከብቱ ኋላ ሆኖ ይዞታል፤ የቆሎ ተማሪው ከአኮፋዳው ጋር አጣምሮታል፤ ባለ ሱቁም ከመደብሩ በር አስደግፎታል። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ በየዓመቱ በዚህ ወራት ዱላዬን ከተሰቀለበት አወርዳለሁ። ዘንድሮ ግን ዱላውን ባወረድሁ ጊዜ አንድ ጥያቄ አብሮ ወረደብኝ፤ ይኸውም ከ40 ዓመት በላይ የለጋሁበትን አለጋግ ትቼ ሌላ አለጋግ ልማር ወይስ በለመድሁት ልቅር የሚል ነው።

ይህን የመሰለውን ነገር በጋዜጣ ላይ ማውጣቴን አይቶ የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። ጢሙ የሸበተ የቅኔ መምህር ስለ ሩርና ስለ ዱላ ሲጨነቅ ማየት ያስቃል። አንድ ወዳጄ የሆኑ ቄስም «መምህር፣ የገናን ነገር ለልጆች ይተዉላቸው» ብለውኛል። ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ጨዋታ የሚያያይዙት ከቤተ ልሔም እረኞች ጋር ነው፤ የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታ የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ ይላሉና። በዚያ ሌሊት የነበረ ሰው የለምና ምስክርነቱን ለትውፊት እተዋለሁ። እኔ ዓይቼ የምመሰክረው ይህን ብቻ ነው፦ በዚያ ዕለት ጌታና ሎሌ ተደባልቀው ይሮጣሉ፤ ማዕርግ አይጠየቅም፤ በዱላ የተመታም አይቈጣም። ስለዚህ አለመቈጣት ከታች እናገራለሁና አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሜ አሮጌውን አለጋግ ልግለጽ። ያስተማረኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከዳባት በታች ባለው መስክ ላይ በዘመኑ እርሱን የሚተካከል አልነበረም ብዬ ብጽፍ ዘመዱን አመሰገነ እባላለሁና እተወዋለሁ። የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ እንቧይ ለቅሞ ከፊቴ ይደረድርልኝና በቆልማማ በትር እያንዳንዱን ያስመታኝ ነበር። እንቧይ በበሰለ ጊዜ ሲመቱት ይፈርጣል፤ ውኃው ፊት ላይ ይረጫል፤ ፍሬውም ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ዱላው ሲወርድ ዓይኔን መጨፈን ለመድሁ። አጐቴም ይህን ባየ ጊዜ «ዓይንህን ከጨፈንህ ሩሯ ወዴት እንደ ሄደች ማን ይነግርሃል?» ይለኝ ነበር።

የእርሱ አለጋግ እንዲህ ነው። ግራ እጅ የዱላውን ጫፍ ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይይዛል፤ ሁለቱ እጆች አይነካኩም። እግሮች ተከፍተው እንደ ምሰሶ ይተከላሉ። ዱላው በቀኝ ትከሻ ተሻግሮ እስከ ጀርባ ይደርሳል፤ ከዚያም ወገብ ሳይንቀሳቀስ በክንድና በትከሻ ኃይል ብቻ፣ ግንድ እንደሚፈልጥ ሰው ምሳር፣ ይወርዳል። በደንብ የተመታች ሩር ከመሬት ትነሣና በተጫዋቹ ሁሉ ራስ ላይ ታልፋለች። ከዛፍ ሥር ተጠርባ የተሠራች እንደ ሆነች ስትመታ ድምፅዋ ከማዶው ቀበሌ ይሰማል፤ ከጠፍር የተጎነጎነችው ግን ድምፅ የላትም፤ እኔም ስለዚህ አልወዳትም። ሩር በሰማይ ስታልፍ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ሽማግሎችም ከተቀመጡበት ይነሣሉ። እርሷን የላካት ሰው ለዚያች ለጥቂት ጊዜ ምን እንደሚሰማው ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ ይታመማል። በማኅሌት ቆሜ ጸናጽል ባነሣሁ ጊዜ ይወጋኛል፤ ሌሊትም በዚያ ጎን መተኛት ተስኖኛል። ጠበል ተጠመቅሁበት፤ ሐኪምም አየልኝና ጅማቱ ተጎድቷል፣ እጅህን ከራስህ በላይ ደጋግመህ አታንሣ አለኝ። እኔም ከራሴ በላይ የማነሣው ጸናጽልና የገና ዱላ ነው፤ አንደኛውን መተው አይቻለኝም ብዬ መለስሁለት። ሐኪሙ የትኛውን እንደ ሆነ አልጠየቀኝም።

የእኅቴ ልጅ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። በኅዳር መጨረሻ ሊጠይቀኝ ወደ ዳባት መጣና በጓሮዬ እንቧይ ስመታ አገኘኝ፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝምና። ጥቂት ዝም ብሎ አየኝና «አጐቴ፣ ትከሻዎን ያሳመመው ዱላው አይደለም፤ አለጋግዎ ነው። ወገብዎ ቁጭ ብሎ ትከሻዎ የሁለቱን ሥራ ይሠራል» አለኝ።

«ወገቤ 54 ዓመት ሙሉ ሠርቷል፤ ቁጭ ቢል ምን ይደንቃል?» ብዬ ሳቅሁበት። እርሱ ግን አልሳቀም፤ የእጅ ስልኩን አወጣና ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎችን አሳየኝ።

ጎልፍ የተባለው የስኮትላንድ ሰዎች ጨዋታ ነው። ትንሽ ሩር ራሱ በከበደ ዱላ እየመቱ እያራመዱ በመጨረሻ ወደ ተቈፈረች ጉድጓድ ማግባት ነው፤ በጥቂት ምት ያገባ ያሸንፋል። ሕዝቡን እጅግ ስለ ያዘው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1457 ዓ.ም. የአገሩ ሸንጎ ወጣቱ ቀስት መለማመዱን ተወ ብሎ ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር በአዋጅ ከልክሎ ነበር። ዛሬ ዓለም ስኮትላንድን የሚያውቃት በጎልፏ እንጂ በቀስቷ አለመሆኑን ያየ ሰው፣ አዋጁ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ይረዳል።

ልጁ ያሳየኝ ብዙ ነበር። ሃሪ ቫርደን የሚባል ሰው ከ1896 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዞችን ታላቅ ውድድር 6 ጊዜ አሸንፏል፤ የታችኛውን እጅ ትንሽ ጣት በላይኛው እጅ ጠቋሚ ጣት ላይ ደርቦ ሁለቱን እጆች እንደ አንድ እጅ የሚያደርገው አያያዝ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ደግሞ ታይገር ዉድስ የተባለው አሜሪካዊ በ1997 ገና በ21 ዓመቱ ማስተርስ የተባለውን ውድድር በ12 ምት በልጦ ካሸነፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲያደንቀው፣ እርሱ ከመምህሩ ጋር ሆኖ አመታቱን አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ጀመረ። በ1998 በአገሩ የሙያተኞች ዙር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያልተሰበረውን ለምን ይጠግናል ብለው የነቀፉት ብዙ ነበሩ። በ2000 ግን የአሜሪካንን ታላቅ ውድድር በ15 ምት ብልጫ አሸነፈ።

«እርሱ በ21 ዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት ቢከስር ምን ይጎዳዋል? እኔ ሦስት ዓመት የማጠፋበት ትከሻ የለኝም» አልሁት።

«ለዚህ እኮ ነው አጐቴ» አለኝ።

አዲሱን አለጋግ በጓሮው አስተማረኝ። እጆች ተደራርበው አንድ ይሆናሉ። ዱላው ከመታጠቂያ በላይ አይወጣም። የሰውነት ክብደት አስቀድሞ በቀኝ እግር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወገብ ይዞራል፤ ክብደቱም ወደ ግራ እግር ይሻገራል፤ ዱላው የወገብ ተከታይ ሆኖ ይመጣል። ሩሯ አትነሣም፤ ሣሩን እየላሰች በምድር ላይ ትሄዳለች። እኔም ይህን አይቼ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ያሳየኸኝ ጎልፈኞች ሁሉ ዱላቸውን ከራሳቸው በላይ ያነሡታል፤ አንተ የእነርሱን ወገብ ይዘህ ለምን ከፍታቸውን ተውህ?» አልሁት። መልሱ ጥሩ ነበርና እጽፈዋለሁ፤ «ጎልፈኛው ብቻውን ነው የሚቆመው። ሩሯ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እስኪመታም ድረስ ማንም አጠገቡ አይደርስም። በገና ግን ሩሯ ትሮጣለች፤ ሰውም በአራቱም ማዕዘን ከብቦዎታል» አለኝ። ልጁ ይህን የተናገረው ነገሩን ለማስረዳት ብቻ ነው። እኔ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እናገራለሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ጸሎት በኋላ ወደ መስኩ ወርጄ ሁለቱንም አለጋግ ሞከርሁ። በታኅሣሥ የእኛ አገር ሣር ውርጭ ጨው እንደ ነሰነሱበት አድርጎት ያድራል፤ ሩሯም ያለፈችበት መንገድ በውርጩ ላይ ተሥሎ ስለሚቀር ለመለካት ይመቻል። በአሮጌው አለጋግ ሩሯ 60 እርምጃ ያህል ትሄዳለች፤ በአዲሱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት 25 እርምጃ አልሞላችም፤ በሦስተኛው 40 ደረሰች። ሁለት ድንጋይ አራርቄ አቁሜ በመካከላቸው ለማሳለፍ በሞከርሁ ጊዜ፣ በአሮጌው ከ10 ምት 4 ይገባልኛል፤ በአዲሱ 5፣ አንዳንድ ቀን 6። ትከሻዬን በሚመለከት ክርክር የለም፤ በአዲሱ የለጋሁ ቀን እተኛለሁ።

በእነዚህ ሳምንታት ያገኘኝን ውርደት መሸሸግ አይገባኝም። ዱላውን ዝቅ አድርጌ ወገቤን ባዞርሁ ጊዜ ብዙ ጊዜ ሩሯን ስቼ መሬቱን እቈፍር ነበር። ተማሪዎቼ በካቡ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ከእነርሱ አንዱ መምህሩ ለገና ማሳ ሊያርስ ነው የሚል ሰም ሠርቶ ጉባኤ ቃና ተቀኘብኝ። ወርቁን አልናገርም፤ ነገር ግን ቅኔው ምንም ግድፈት ስላልነበረበት ልቀጣው አልቻልሁም።

ከልቤ ጋር የተከራከርሁት ክርክር ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ብላቴናው ዳዊትን አነሣሁ። ሳኦል የራሱን ጥሩርና ሰይፍ ባለበሰው ጊዜ፣ ያልለመደው መሆኑን ተናግሮ አውልቆ ጣለው፤ የለመደውን በትርና ወንጭፍ ይዞ ወረደ። እንግዲህ ሰው ያልለመደውን መሣሪያ ይዞ ወደ ጦርነት አይወርድም አልሁ። ነገር ግን መልሼ ሳስበው ዳዊት ያወለቀው ከባዱንና የንጉሡን ነው፤ የያዘውም ቀላሉንና የእረኛውን ነው። በእኔ ዘንድ ከሁለቱ አለጋጎች የሳኦልን ጥሩር የሚመስለው የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር አፈርሁ።

ሌላ ጊዜ የቅኔ ቤትን አሰብሁ። የቅኔ ሰው ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግም ይናቃል፤ ለየበዓሉ አዲስ መፍጠር ግዴታው ነው። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ተማሪዎቼን «የትናንቱን አታምጣብኝ» ስል ኖሬ፣ በመስክ ላይ ግን አንዱን ምት 40 ዓመት ስደግም ኖርሁ። ቤት መለወጥም ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። አስቀድሜ በዋሸራ ቤት ተምሬ እስከ መወድስ ከደረስሁ በኋላ ወደ ጎንጅ ቤት መምህር ሄድሁ። እኚያ መምህር ትልቅ ሰው ሆኜ ሳለሁ ከሕፃናቱ ጋር ጉባኤ ቃና አስጀመሩኝ። ስድስት ወር ሙሉ ፊደል እንደሚቈጥር ልጅ አፍሬ ኖርሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጀመሪያውን ቤት ራሱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለውጥ አልችልም ማለት ሐሰት ይሆንብኛል።

ደግሞም የመቋሚያ ነገር አለ። አንባቢዎቼ ካህናት እንደሚያውቁት የአቋቋም ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ላይ ቤት አለ፣ ታች ቤት አለ፣ ተክሌ አለ፤ የዝማሜያቸውም ሁኔታ ይለያያል። የተለያየ ቤት የተማሩ ሊቃውንት በአንድ ማኅሌት በተሰለፉ ጊዜ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ፤ መቋሚያው አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ በቀኝና በግራ ያለውን ሰው ስፍራ ሁሉም ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ዘመኔ በዝማሜ መካከል መቋሚያው ባልንጀራውን ሲያቈስል አላየሁም። እንግዲህ በእጃችን ያለውን በትር ሰው ሳንነካ ማዞር እናውቅበታለን ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእኔ ምክንያት አይደለም። ሦስት ሳምንት ያከራከረኝ ዳዊትም፣ ዋሸራም፣ ትከሻዬም አልነበረም።

በ1990 ዓ.ም. በልደት ዕለት በዚያው በዳባት መስክ ላይ ላይኛውና ታችኛው ሰፈር ተጋጠሙ። እኔ የ26 ዓመት ሰው ነበርሁ። ከእኔ ወገን አንድ ባልንጀራዬ ነበረ፤ በአንድ ጎጆ ያደግን፣ ቁራሽ በአንድ አኮፋዳ ለምነን የበላን ነን። እኔ ወደ ቅኔ ሳዘነብል እርሱ ድጓ ያዘ። ድምፁን ስለ ሰማሁ ብቻ ሌሊት ከእንቅልፌ ነቅቼ ያዳመጥሁበት ጊዜ አለ። መምህሩም ይህ ልጅ ወደ ምስክር ቤት ቢሄድ ያስመሰክራል ይሉለት ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፤ ሁለቱ ወገኖችም እኩል ናቸው፤ የሚቀጥለውን ያገባ ያሸንፋል። ሩሯ ከሰው እግር መካከል ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ከፊቴ ያለው ሰው እንደ ግንብ ተደርድሯል። ያን ጊዜ ዱላዬን በትከሻዬ ላይ አሻገርሁና ወደ ኋላ ጣልሁት። በቆልማማው ጫፍ ላይ እንጨትም መሬትም ያልሆነ ነገር ሲነካ ተሰማኝ። አልቆምሁም፤ ዱላውን አወረድሁት። ሩሯም በሰው ራስ ላይ አልፋ ወደ ማዶ ደረሰች፤ እኛም አሸነፍን። እልልታው ከፍ ባለ ጊዜ ነው ዘወር ብዬ ያየሁት። ባልንጀራዬ አፉን ይዞ ተቀምጧል። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰብረዋል። በሣሩ ላይ ደሙን ተፍቶ ወደ እኔ ቀና አለና «ገና አይደል!» ብሎ ሳቀ። ሽማግሎችም ገና ነው አሉ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አይቈጡም፤ ካሳ የለም፤ ይቅር መባባልም እንኳ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም በደል የተባለ ነገር የለምና።

ነገር ግን «ሰ» እና «ጸ» ያለ ጥርስ አይወጡም። ከዚያ ወዲህ «ጸሎት» ባለ ጊዜ በጥርሱ ክፍተት ንፋስ ያፏጫል። ከማኅሌት ያስወጣው የለም፤ መምህሩም አላሰናበቱትም፤ እርሱ ራሱ ቀስ በቀስ ዝም አለ። አስቀድሞ ከኋላ መቆም ጀመረ፤ ኋላም ሲዜም ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ድጓውን ትቶ ወደ ደባርቅ ሄደና ገብስና ጨው ነጋዴ ሆነ። ዛሬ ቤት ሠርቷል፤ ልጆች ወልዷል፤ ስንገናኝ ተቃቅፈን እንሳሳማለን። ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያን ዕለት አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። በየዓመቱ ልደት ጨዋታውን ለማየት ወደ ዳባት ይመጣል፤ የሚቆመው ግን ከማዶ ነው።

እኔም ይህን ያህል ዘመን ነገሩን እንደ በረዶ ቈጥሬው ኖርሁ። በረዶ በአዝመራ ላይ ቢወርድ ማን ይከሰሳል? ዱላ ይነሣል፤ ከበታቹ የተገኘ ይመታል፤ የጨዋታው ጠባይ ነው እል ነበር። የእኅቴ ልጅ ከመታጠቂያ በላይ የማይወጣውን ምት ባሳየኝ ዕለት ግን፣ የባልንጀራዬን ጥርስ የማይሰብር አለጋግ በዓለም ላይ እንዳለ ተረዳሁ። ደግሞም አዲስ አልነበረም። በ1990ም ዱላቸውን ዝቅ አድርገው የሚለጉ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ፤ ሣር አጫጆች እያልን እንስቅባቸው ነበር። እንግዲህ ዛሬ ያንን አለጋግ ብማር በዚያ ዕለት ልማረው እችል እንደ ነበረ በራሴ ላይ መመስከሬ ነው። የአጐቴን ምት እንዲህ አጥብቄ የያዝሁት አጐቴን ስለማክበር ይመስለኝ ነበር።

ሌላም አለ፤ ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልናገር ኖሬ በቅርቡ ነው የነገርኋቸው። በጨዋታ ሰው አቈሰልሁ ብዬ በዚያው ሰሞን ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜ ነበር። ዱላዬን ከማንሣቴ በፊት ግን ባልንጀራዬ ከቀኝ ኋላዬ እየሮጠ በስሜ ጠርቶኛል። ሩሯን ለእርሱ እንድሰጠው ነበር። ያ ድምፅ ደግሞ ከሺህ ድምፅ መካከል የምለየው ድምፅ ነው።

ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ይዤ በመኪና ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ከዳባት መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለእኔ ግን ያን ዕለት ረዘመብኝ። ሱቁ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጾም ነውና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅን፤ ከዚያም የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበልኝ። እርሱ ቆሎውን ወደ ጎን እየወሰደ በመንጋጋው ይቈረጥማል። ስለ ትከሻዬ ነገርሁት፤ ስለ እኅቴ ልጅም፣ ስለ ጎልፍም፣ ተማሪዬ ስለ ተቀኘብኝ ቅኔም ነገርሁት። በቅኔው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ የድጓ ተማሪ የነበረ ሰው ቅኔ ይገባዋልና። ከሳቁ በኋላ ዱላውን ከእጄ ወሰደና አገላብጦ አየው።

«ያው ነው?» አለኝ።

«ያው ነው» አልሁት።

«ያን ዕለት ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ 25 ዓመት ሙሉ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ከእነርሱ አንዱም አልመጣልኝም። «ሰምቼሃለሁ። ሩሯ በራሳቸው ላይ እንድታልፍልኝ ፈልጌ ነው» አልሁት።

በዚህ መካከል አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ ገባች። እርሱም ተነሥቶ መዘነላት፤ ገንዘቧን ተቀብሎ መልስ ቈጥሮ ሰጣት፤ ስለ ልጇ ጤንነትም ጠየቃት። ተመልሶ ሲቀመጥ ከሰፌዱ ላይ ጥቂት ቆሎ ዘግኖ በእጁ እንደ ያዘ ቆየ።

«እንደ ሰማኸኝስ አውቅ ነበር» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልሁም። ይቅርታ ለመጠየቅ በጉልበቴ ልወርድ ባልሁ ጊዜ በክንዴ ያዘኝ፤ ያመመኝን ክንድ ስለ ነበረ ጮኽሁ፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዱላውን ከወገቤ ጋር አስተያየና «ለታች ለጋ ይህ ይረዝማል፤ መሬት የምትቈፍረው ወገብህ ስለ ደረቀ አይደለም» አለኝ። እውነት ነው፤ ይህን እኔም ልጁም ልብ አላልነውም ነበር። ወይራው የአጐቴ ነው፤ በቁመቱና በምቱ ልክ የተቈረጠ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ቆልማማ እንጨት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ፓርክ እንጨቱ አይነካም፤ በየአጥሩ የቀረውም ወይራ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተቈረጠ እንደ ሆነ መመለሻ የለውም።

ከመደብሩ በታች መጋዝ አወጣ። «እዚህ ላይ?» አለኝ።

«ጥቂት ከፍ አድርገው» አልሁት።

በጉልበቱ ይዞ አራት ጣት ያህል ቈረጠው። የመጋዙ ብናኝ በቆሎው ላይ ወደቀ፤ እርሱ እፍ እያለ በላው። የተቈረጠችውንም ቁራጭ ሚዛኑ በተቀመጠበት በሚነቃነቀው ጠረጴዛ እግር ሥር አስገባትና በእጁ ነቅነቅ አድርጎ መጽናቱን አየ።

ማታ ዳባት በደረስሁ ጊዜ የተቈረጠውን አፍ በኑግ ዘይት አሸሁትና ዱላውን ከምድጃው በላይ ሰቀልሁት። ይህን በጻፍሁበት ዕለት ለልደት 5 ቀን ቀርቶታል። በአጭሩ ዱላ ከ10 ምት 6 ይገባልኛል፤ ሩሯ ግን እስከ አሁን ከ45 እርምጃ አላለፈችም።